ለአንድ ሰው ሁለት

ዴስ ሃላም ከአራቱ ችግኞች ሁለቱን በገዛ እጁ ነቀለ። ማንም አላዘዘውም፤ ቢተዋቸውም የሚከሰው አልነበረም። የጓሮው አጥር ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ያንን አልፈው የሚያዩት ባሕር ዛፉ ላይ ሰፍረው የሚንጫጩት ነጫጭ በቀቀኖች ብቻ ናቸው። ዴስ ግን የአውስትራሊያ ዋና ከተማ የካንቤራ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ደመወዝ ሲበላ የኖረ ሰው ሕግ ካነበበ እስከ መጨረሻው መስመር ያነባል። ሕጉ ደግሞ አጭር ነው፤ ካናቢስ በግቢው መትከል ለፈለገ ነዋሪ፣ ፀሐይ ላይ እስከሆነ ድረስ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ተክል፣ ለአንድ ቤት ቢበዛ አራት። ዴስ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ቆጠረ። አንድ ሆነበት።

ስሙ ለእኛ ጆሮ ደስታ ደስታ ይላል፤ ሰውየው ግን ከደስታ ጋር ከተለያየ ቆይቷል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ክረምት ከበጋ ያችኑ የነተበች ባርኔጣ የሚያደርግ፣ ሰው ሰላም ሲለው ባርኔጣዋን ነካ አድርጎ የሚያልፍ ነው። ይሄ ነካ ማድረግ ለሱ ትልቅ ወሬ ነው።

ዘሮቹ የኮራል ነበሩ። ኮራል ከሁለት ክረምት በፊት የሞተችው ሚስቱ ናት። የአጥንት ሕመሙ በጠናባት ጊዜ ከማን እንዳገኘቻቸው ሳትናገር አራት ፍሬ በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ይዛ መጣችና፣ «በሚመጣው በጋ እንተክላቸዋለን፤ ሁለት ያንተ፣ ሁለት የኔ» አለችው። በጋው መጣ፤ እሷ አልደረሰችበትም። ቆርቆሮው ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጦ ቀረ። ዴስ ራሱ ከቢራ ሌላ የሚቀምሰው ነገር የለም፤ ለጭሱም ለዘይቱም ጉዳዩ አልነበረም። ዘንድሮ ግን ዘሩ ያረጅብኛል ብሎ ፈራ። የኮራል ተክል ከመሬት ወጥቶ፣ አድጎ፣ ሲያብብ ማየት ፈለገ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ውርጭ ሳይቀድመው። ሌላ ዘር የለም፤ ይህ ካልሆነ ያበቃል።

አራቱም በቀሉ። ዴስ ሁለቱን ነቅሎ «የኔዎቹን ነው የነቀልኩት» አለ ለራሱ። በሕጉ ዓይን ግን የቀሩት የሱ ናቸው፤ የሞተ ሰው ድርሻ የለውም።

አሁን ይህ ሰው አትክልት የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የከተማው የችግኝ ጣቢያ ውስጥ የሠራ ነው። በየመንገዱ ዳር የቆሙት ግራቪሊያዎች፣ በየመናፈሻው ያሉት ባንክሲያዎች፣ እነዚያ ጠርሙስ ማጽጃ ብሩሽ የሚመስል አበባ ያላቸው ዛፎች፣ ግማሾቹ በሱ እጅ ያለፉ ናቸው። ባንክሲያን የመሰለ የአገሩ ዛፍ ደግሞ የለመደው ድሃ አፈር ነው። ፍግ ብታቀርብለት፣ ማዳበሪያ ብታበዛለት ይቃጠላል። ስለዚህ ዴስ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰበከው አንድ ስብከት ነው፤ አትነካካው። አታብላው። ውሃውን ስጠውና ዞር በልለት። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ይህችን ይነግረዋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመት በዓል ላያናግረው ይችላል።

ጽጌረዳንና ቲማቲምን «ሆዳሞች» ይላቸው ነበር። ኮራል አንድ ጊዜ ለጽጌረዳ ብላ ሁለት ትልልቅ የሸክላ ማሰሮ ገዝታ ስትመጣ፣ «ሆዳም ቤቴ አይገባም» ብሎ ሳቀባት። እሷም ሳቀች፤ ማሰሮዎቹን ግን አልመለሰቻቸውም። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ሃያ ዓመት ተደፍተው ቀሩ። ሁለቱን ችግኞች የተከለው በነዚህ ማሰሮዎች ነው። አፈሩንም እጁ ወደለመደው ከረጢት ሄዶ ዘገነ፤ ለባንክሲያ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ምንም ያልበላ አፈር።

የገና በዓል ሲደርስ ከጉልበት ማለፍ የነበረባቸው ተክሎች ከስንዝር አላለፉም። ቀጨጩ። ከታች ያሉት ቅጠሎች መጀመሪያ ገረጡ፣ ቀጥሎ ወየቡ፤ መገርጣቱም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

ዴስ ሥራዬ ብሎ ተያያዘው። ውሃ በዝቶባቸው ይሆናል ብሎ ማሰሮዎቹን ጧት ማታ እያነሳ ክብደታቸውን መዘነ፤ አልበዛም። ጥላ ይሆናል ብሎ ፀሐይ ወደማይጠፋበት ወደ ሰሜኑ ግድግዳ እየጎተተ ወሰዳቸው፤ ወገቡን ሦስት ቀን አመመው እንጂ ለውጥ የለም። አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ የቅጠሉን ጀርባ አየ፤ ተባይ የለም። ሥሩ ታፍኖ ይሆናል ብሎ አንዱን ከነአፈሩ ቀስ አድርጎ አወጣው፤ ሥሩ ነጭ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ የሚሄድበት ቦታም ሞልቶታል። የቧንቧውን ውሃ ለመዋኛ ገንዳ መመርመሪያ በተገዛ ወረቀት መረመረ፤ ውሃው ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ አልመረመረም። እሱ በኖረበት ሙያ ረሃብ የሚባል በሽታ የለም።

ሌላው ሁሉ እንደሆነ ነበር። ጧት ጥብስ ዳቦ፣ ማታ ጥብስ ዳቦ። እሑድ ከሰዓት ለልጁ ለሮዊና ስልክ። ሮዊና ፐርዝ ናት፤ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ተኩል ነው፣ ያም አገር ውስጥ መሆኑ ነው። «እንዴት ነህ አባዬ?» ትላለች። «ደህና ነኝ። አንቺስ?» «ደህና። እዚህ ሙቀት ነው።» «እዚህም።» ከዚያ ዴስ፣ «በይ፣ ልተውሽ» ይላል። በዚያ አገር ስልክ መዝጋት የፈለገ ሰው «ልዝጋ» ማለት ነውር ይመስለዋል፤ ለሌላው ያዘነ አስመስሎ «ልተውሽ» ነው የሚለው። ብዙ ሰው ይህን ብሎ ሌላ ግማሽ ሰዓት ያወራል። ዴስ ግን ልተውሽ ካለ ይተዋል።

ጥር ውስጥ አንድ ጧት ጎረቤቱ ዝላታ እንቁላል ይዛ በጎን በር ገባች። ዝላታ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በወጣትነቷ ከክሮኤሽያ በመርከብ መጥታ አርባ ዓመት ከዴስ ጋር ባንድ አጥር የኖረች፣ ዶሮና ቲማቲም የማይጠፋባት ሴት ናት። በር ማንኳኳት አልፈጠረባትም።

«እንቁላል አምጥቻለሁ። ትጠብሰዋለህ ወይስ አሁንም በደረቅ ዳቦ ነው የምትኖረው?»

«እጠብሰዋለሁ» አለ ዴስ። ተነስቶ ከማሰሮዎቹ ፊት ቆመ።

«ምንድነው የምትደብቀው?»

«ምንም አልደበቅኩም። ሕጋዊ ነው። ሁለት ብቻ ናቸው፤ ለአንድ ሰው ሁለት ይፈቀዳል።»

«የጠየቀህ አለ? ዞር በል እስቲ።» በክርኗ ገፋ አደረገችውና ጎንበስ ብላ አየች። ፊቷ ፈካ አለ። «ኮኖፕሊያ አይደለም እንዴ ይሄ?»

«ምን አልሽ?»

«ኮኖፕሊያ ነዋ፣ በኛ ቋንቋ። እናቴ የሠርጌን አንሶላ የፈተለችው ከዚህ ልጥ ነው። አሁንም አለ፣ አላለቀም፤ እኔ ቀድሜው ሳላልቅ አልቀርም። ልጆቹ እዚህ ያጨሱታል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። አንሶላ ማጨስ ምን ይባላል?» ከዚያ አንዷን የወየበች ቅጠል በሁለት ጣቷ ያዘቻት። «ምን አድርገኸው ነው እንደዚህ የሆነው?»

«ታሞብኛል። ምኑ እንደሆነ አልደረስኩበትም።»

«ምኑን ታመመ። ርቦት ነው እንጂ።»

«አይመስለኝም።»

«ምን አበላኸው?»

ዴስ ባርኔጣውን ነካ አደረገ።

«ዴስሞንድ፣» አለች ሙሉ ስሙን ጠርታ፤ «ምን አበላኸው ነው የምልህ።»

«ውሃ።»

ዝላታ ቀና ብላ አየችው። «ከተከልከው ጀምሮ ውሃ ብቻ? የቅዱሳኑን ጾም ነዋ ያስያዝከው። እኛ አገር ኮኖፕሊያ የሚዘራው ከበረቱ ጀርባ፣ ፍጉ ከተጫነው መሬት ላይ ነው። ለድንቹ ቢቀር ይቅር ይባላል፣ ለሱ አይቀርም። ሆዳም ነው፣ ይበላል፤ ያልሰጠኸው እንደሆነ የራሱን ቅጠል ከታች እየበላ ይቆይሃል።»

«እንዳልጎዳው ብዬ ነው የተውኩት።»

«ጎዳኸው እኮ።»

«አፈሩ ጥሩ አፈር ነው ዝላታ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሠራሁበት አፈር ነው። ባንክሲያ በዚህ አፈር...»

«ይሄ ባንክሲያ አይደለም» አለች ዝላታ።

ዴስ እጁን ወደኋላ ሰዶ የተደፋውን ባልዲ ፈለገና ተቀመጠበት።

«ምነው? ተቀየምከኝ?»

«አይ።»

«እንቁላሉን ፍሪጅ ውስጥ አስገባው፤ ፀሐይ መትቶታል። እኔ የዶሮ ኩስ አመጣልሃለሁ፣ የከረመውን። ትኩሱ ያቃጥለዋል።» ትንሽ ቆመች፤ ቁጭ በይ የሚላት የጠበቀች ትመስላለች። ዴስ አላላትም። በመጣችበት በር ወጣች።

ያንን የባንክሲያውን ቃል ዴስ ከዚያ በፊት ሰምቶታል። ኮራል ናት ያለችው። መኝታዋን ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ ካዞሩላት በኋላ፣ በዚያ በመጨረሻው መጸው። በጣም ገርጥታ ነበር። እሱ ጧት ሻይዋን ያስቀምጥላትና፣ ትራሷን ያስተካክልላትና፣ «በይ ልተውሽ፤ ዕረፊ» ብሎ ይወጣል። በሩን ድምፅ ሳያሰማ መዝጋት ይችልበት ነበር፤ እንዲያውም ይኮራበት ነበር። ከዚያ ጓሮ ገብቶ እስከ ምሳ ይቆያል። የታመመ ሰው የሚፈልገው ፀጥታ ነው ብሎ አምኖ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። በሩን ከፍቶ ሲገባ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ያገኛታል፤ እንቅልፍ ቢወስዳት ኖሮ፣ እንደ ልማዷ፣ ፊቷ ወደ መስኮቱ በሆነ ነበር። ይህን ያስተዋለው አሁን ነው፣ ባልዲው ላይ ተቀምጦ።

አንድ ቀን፣ እጁ በሩ እጀታ ላይ እያለ፣ «ዴስ፣ እኔ ባንክሲያ አይደለሁም እኮ» አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ኮራል ቀልደኛ ነበረች። «በይ ልተውሽ» ብሎ በሩን እንደ ልማዱ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ዴስ ብድግ ብሎ ሊሄድ ፈለገ፤ የሚሄድበት ግን የለም። ወደዚያ ክፍል ቢገባም ባዶ አልጋ ነው ያለው። እዚያው ባልዲው ላይ አለቀሰ፤ ሽማግሌ እንደሚያለቅሰው፣ እንባው ሳይሆን አፍንጫው አስቸገረው። እንቁላሉን ፍሪጅ ማስገባቱን ረሳ።

ኩሱ በማግስቱ መጣ። ዝላታ እንዳለችው በባልዲ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ከድኖ አንድ ሳምንት አቆየው፤ ሽታው በቀቀኖቹን ሳይቀር ያሰደደ መሰለው። ከዚያ መልኩ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቀጠነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰውን «እንዳታደርግ» ሲል የኖረውን ነገር ነው የሚያደርገው። ግማሽ ጣሳ ለአንዱ፣ ግማሽ ጣሳ ለሌላው አፍስሶ፣ ይሞቱ ይሆን ብሎ እስኪመሽ አጠገባቸው ተቀመጠ።

አልሞቱም። በአሥረኛው ቀን ጫፋቸው ላይ የወጣው አዲስ ቅጠል አረንጓዴ ነበር፤ እንዲያው የለየለት አረንጓዴ። ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። በየሳምንቱ ጣሳቸውን ይጠጣሉ፤ በየሳምንቱ ለሌላ ጣሳ አፋቸውን የከፈቱ ይመስላሉ። የካቲት ሳያልቅ ከወገቡ ደረሱ። «ሆዳም» ይላቸዋል ዴስ ሲያጠጣቸው። ሃያ ዓመት በንቀት ያላት ቃል አሁን ከአፉ ስትወጣ ለስልሳለች።

የታችኞቹ ቅጠሎች ግን እንደወየቡ ናቸው። ዴስ በየቀኑ እየጎነበሰ ያያቸዋል። ከላይ ሁሉም ካገገመ እነሱም ያገግማሉ ብሎ ይጠብቃል። አንድ ቀን ዝላታን ጠየቃት።

«እነሱ አይመለሱም» አለችው። «ላይኛው የቆየው የነሱን በልቶ አይደል? ያ ያለፈ ነው። ይረግፋሉ።»

ረገፉ። ዴስ አንድ በአንድ ለቅሞ፣ የሚጥልበት ቦታ እንደሌለው ሰው ጥቂት ይዟቸው ቆየና፣ ከኮራል ቆርቆሮ ውስጥ ከተታቸው። «ይቅር በይኝ» አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው። ቤቱ ፀጥ ያለ ስለሆነ ድምፁ ራሱን አስደነገጠው።

መጋቢት ገባ፤ በዚያ አገር በጋው የሚያበቃው በዚህ ወር ነው። ጧት ጧት ይበርድ ጀመር፤ ውርጩ ግን ገና ነው። አንድ እሑድ ቁርሱን ሳይበላ ወደ ጓሮ ሲወጣ ሁለቱም ተክሎች ላይ፣ ቅርንጫፍና ቅርንጫፍ በሚገናኝበት፣ ነጫጭ ፀጉር የመሰለ ነገር ወጥቶ አገኘ። አበባው ነው። ብዙ የሚታይ አበባ አይደለም፤ ጽጌረዳ ለለመደ ሰው አበባም አይባልም። ዴስ ግን ባርኔጣውን አወለቀ። ዞር ብሎ የሚነግረው ሰው ፈለገ፤ ያለው አጥሩ ነው።

ከሰዓት ስልኩን አነሳ።

«እንዴት ነህ አባዬ?» አለች ሮዊና።

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«ደህና። እዚህ ገና ሙቀት ነው።»

«እዚህ ቀዝቀዝ ብሏል።»

ሁልጊዜ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ዴስ አፉ ላይ የመጣችውን ቃል ዋጣት። በምትኳ የሚያስገባው ግን አላዘጋጀም። ሮዊና ትንሽ ጠበቀች።

«በል አባዬ፣ ልተውህ» አለች።

ለስላሳ ነበር አነጋገሯ። በሩን ድምፅ ሳያሰማ እንደሚዘጋ ሰው። ከማን እንደተማረችው ዴስ ሌላ ሰው መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ቆይ» አለ። «ገና አትተዪኝ።»

ከዚያኛው በኩል ማራገቢያ ሲሽከረከር ይሰማል።

«ምን ሆነሃል? አሞሃል እንዴ?»

«አላመመኝም። የእናትሽ ተክል አብቧል ልልሽ ነው።»

«የምን ተክል?»

«ዘር ነበራት። በከረሜላ ቆርቆሮ...»

«አራቱ ዘር?» አለች ሮዊና። ድምፅዋ ተለወጠ። «ነግራኝ ነበር። ሁለት ያንተ፣ ሁለት የሷ። እሱማ ውሃ ብቻ አጠጥቶ ይገድላቸዋል እያለች ትስቅ ነበር። ተከልካቸው?»

«ተከልኳቸው።»

«አራቱም አበቡ?»

«ሁለት ናቸው።»

«ሁለቱ ሞቱብህ?»

«ነቀልኳቸው።»

«ምነው አባዬ? አራት ይፈቀዳል እኮ እናንተ ጋ። እማዬ ራሷ ነች አንብባ የነገረችኝ።»

ዴስ በመስኮቱ ወደ ጓሮው አየ። ሁለቱ ማሰሮዎች ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ቆመዋል።

«አራት ለሁለት ሰው ነው፣ ሮዊና» አለ።

ሮዊና ስልኩን አልዘጋችውም። ትንፋሿ ይሰማዋል። ዴስም ስልኩን ጆሮው ላይ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ቆመ።

«ዛሬ ምን በላህ?» አለችው በመጨረሻ።

ዴስ ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ከጥብሱ ዳቦ ጀምሮ ይነግራት ገባ።